የፈንጠር ጓሮ

እጆቹ ገመድ እየቀጠሉ ነበር። የአሮጌውን ገመድ ሦስት ክሮች ፈታትቶ፣ የአዲሱንም ሦስት ክሮች ፈታትቶ፣ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች አንዱን በአንዱ መካከል አግብቷቸዋል። በሾለች እንጨት የገመዱን ጥምዝ ከፈት ያደርግና አንዷን ክር በሥሩ ያሾልካል፤ ይስባል፤ በመዳፉ አሽቶ ያስተኛታል። ከዚያ ሌላዋን። ጀልባዋ ላይ የሚታሰረው ግማሽ ብዙ ስላገለገለ እንደ ጥጥ ለስልሷል። ወደ መልህቁ የሚወርደውን ግማሽ ግን የሐይቁ ወለል ድንጋይ ስለበላው ተቆርጦ ተጥሏል፤ በምትኩ ገና ያልተገራ ሻካራ ገመድ እየገባ ነው።

ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሸሚዙን ክርን እየጣፈች በጎን ታየዋለች። ዓይኖቹ ገመዱ ላይ እንዳልነበሩ አስተዋለች። ምንም ወዳልተሰቀለበት ግድግዳ ዞረዋል፤ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሠራሉ።

«እስቲ ክሩን አግባልኝ» አለችው መርፌዋን ዘርግታ።

«እጄ ሰም ነክቶታል፤ ሸሚዙን አቆሽሸዋለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ዓሣ ዓሣ ሸትቶ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«አንቺ ሴት፣ የያዝሽው መርፌ ነው ወይስ ችሎት?»

ሳቀች።  ክሩን ራሷ በምራቋ አሾለችና አገባችው። ከአሁን በፊት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያገባላት እሱ ነበር። ወጣት ሳሉ፣ እሷ በጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ጆንያ ስትሰፋ፣ ከገመድ ፋብሪካው ሲወጣ ጎራ ብሎ በትልቁ መርፌ ክሩን አንድ ጊዜ ሳይስት ያገባላት ነበር። ሌላ የሚያውቀው ማሽኮርመም አልነበረውም። ለመጋባታቸው ምክንያቱ ያ መርፌ ነው ብላ ዛሬም ለሰው ታወራለች።

ያዘዘው የዓይን መነጽር ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ከሐይቁ ማዶ ያለው መነጽር ሠሪ ዓይኑን መርምሮ፣ ልኩን ወስዶ፣ «መጥተህ ውሰድ» ብሎ ደጋግሞ ከመላኩ የተነሣ መልእክቱን የሚያደርሱት ሰዎች ራሳቸው ሰልችተዋል። ባልየው ማዶ በተሻገረ ቁጥር መነጽሩን ረስቶ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ ሚስማር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ያላዘዘው የወንፊት ክዳን።

«ነገ አብሬህ እወጣለሁ» አለች ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

እጆቹ ቆሙ። «የት?»

«ሐይቁ ላይ ነዋ። ካጠመድን በኋላ ማዶ እንሻገርና መነጽርህን ትወስዳለህ። እኔም በዓይኔ አያለሁ። እንዴት እንደምትሠራ አይቼ ልቤ ካልረጋ፣ መቅዘፊያዎቹን ቆጥ ላይ ሰቅዬ ማገዶ እደረድርባቸዋለሁ። አወርዳለሁ ብትል ማገዶው ራስህ ላይ ይወርዳል።»

ቀልድ እንደሌለበት ገባው። እሷ ስትቀልድ ትስቃለች፤ ስታመርር ነው ድምፅዋ ለስለስ የሚለው።

«እሺ» አለ፤ ሻካራውንና ለስላሳውን ገመድ አንድ ላይ አጥብቆ ሳበ።

ሰው ሁሉ የሚጠራው ፈንጠር እያለ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አልጠፋም፤ ግን እንደ ክት ልብስ ተቀምጧል። ቅጽል ስሙ የወጣለት «ፈንጠር በሉ» ማለት ስለሚያበዛ ነው። ዳቦ ለመግዛት ሰልፍ ላይ ቆሞ እንኳ «ፈንጠር በሉ እንጂ፣ ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል» ይላል። በሠርግ ቤት ወንበር ሲደረደር በመካከል እየገባ ያራርቃቸዋል። የተማረው ግን ከውሃው ነው።

ገመድ ፋብሪካው ሲዘጋ ጀልባ ገዛና ዓሣ ወደ ማጥመዱ ገባ። ገመድ ሲገምድ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሌሎቹ ዓሣውን ሲያስቡ እሱ ገመዱን አሰበ። መልህቅ ጥሎ የቆመ ጀልባ በእርግጥ የቆመ አይደለም። ነፋሱ ሲዞር እሱም በገመዱ ልክ ይዞራል፤ እንደ ታሰረች ፍየል ዙሪያውን ይጎበኛል። ያንን የሚዞርበትን ውሃ ሁሉ ፈንጠር «ጓሮ» አለው። «የጀልባ ጓሮ ገመዷ ያህል ነው» ይላል። «ያንተም ጓሮ አለ፣ የኔም ጓሮ አለ፤ ሁለቱ የማይነካኩበት ቦታ ላይ ነው መልህቅ የሚጣል። አሁን መራራቃችን ብቻ አይበቃም፤ ነፋሱ ሲዞርም መራራቃችን ነው ቁም ነገሩ።» ቃሉ ሐይቁ ላይ ተሰራጨ። አሁን በማቆሚያው ያሉ ሁሉ የራሳቸው የጥንት ቃል ይመስላቸዋል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ «ጓሮ ልይዝ ነው» ይላል።

ከጓሮው ጋር ጥሪውም መጣ። ፈንጠር መልህቅ ከመጣሉ በፊት እንደ እንግዳ በር ላይ እንደቆመ ሁሉ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። በዙሪያው ያለ ጀልባ ሁሉ «አለን!» ብሎ መመለስ አለበት። ይህ ሰላምታ አይደለም። ሰላምታ ለየብስ ነው፤ የተጣላኸውን ሰው በየብስ ሳታየው ብታልፍ ያንተው ጉዳይ ነው። ውሃ ላይ ግን የተጣላኸውም ቢጣራ «አለን» ትላለህ። ሌሎቹ እየቆየ ተዉት። ጉም ካልኖረ በቀር የሚጣራ የለም፤ ዓይናቸው ያያላ። ፈንጠር ግን ፀሐይ ጥርት ባለበት ቀን ሳይቀር ይጣራል። «የሽማግሌ ወግ» ብለው ይስቁና ይመልሱለታል።

አንድ ሰው ብቻ መመለስ ትቷል። እሱም የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው።

ይህን ሰው ሞተር ይሉታል። በዚህ ማቆሚያ መጀመሪያ ሞተር ጀልባው ላይ የገጠመ እሱ ነው። ግን ከዚያ በፊትም ስሙ ሞተር ነበር፤ ወሬ ከጀመረ ነዳጅ እስኪጨርስ አያቆምምና። ልቡ ሩኅሩኅ ነው። ቢለምኑት ሸሚዙን አውልቆ ይሰጣል፤ ቢነኩት ደግሞ እንደ ሕፃን ያኮርፋል። አንድ ቀን ሞተሩን ሙሉ ለቆ እያጓራ መጣና፣ ሌሎቹን ጀልባዎች እያወዛወዘ፣ ዓሣ የሚይዘው ፈንጠር አጠገብ መልህቁን እንደ ድንጋይ ወርውሮ ጣለ። ውሃው ተረጨ። ዓሣው ሁሉ አገር ለቆ ሄደ።

«ፈንጠር በል እንጂ አንተ» አለው ፈንጠር። «ጓሮዬ ውስጥ ነህ።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ዘመድ አይደለን? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማህም?»

«እሱ በየብስ ነው። ውሃ ላይ ከቅርብ ጎረቤት የሩቅ ዘመድ ይሻላል። መልህቅህን አንሳ።»

በዙሪያው ያሉት ጀልባዎች በሙሉ ሳቁ። ሞተር መልህቁን አነሳ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «በሰው ፊት አዋረደኝ» ብሎ ለእህቱ ከሰሰ፤ ከዚያም አፉን ዘጋ። እህቱ ቤት መምጣቱን ተወ። ማቆሚያው ላይ «ምነው፣ ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» ሲሉት እንኳ መልስ የለውም። ወሬኛ ሰው ዝም ሲል ቤቱ እንደ ፈረሰ ያህል ያስፈራል። እህቱ ልታስታርቃቸው ሁለት ጊዜ ሞክራ «እስቲ ይብረድለት» ብላ ተወችው።

በማግሥቱ ማለዳ ባልና ሚስት ሲወጡ ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ነጭ፣ ዝምተኛ ጉም፤ የመቅዘፊያው ጫፍ ራሱ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይጠፋል። እሷ ከጀልባዋ ኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን በአንገቷ ላይ ጠቅልላለች። የማጥመጃው ቅርጫት እግሯ ሥር ነው። በውስጧ «በዚህ ቀን ደግሞ ምን አየሁ ልል ነው» ትላለች። ዓይኑን ልትፈትን መጥታ የራሷ ዓይን ከንቱ ሆነባት።

ፈንጠር ቀዝፎ ቀዝፎ መቅዘፊያውን አነሳ። ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውሃ እስኪቆም ጠበቀ።

«ቤቶች!»

«አለን!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ «አለን!» የሚል ሌላ፣ ያው የመጀመሪያው ድምፅ ራሱን የደገመ የሚመስል። መንትዮቹ ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ ነው የሚያጠምዱት፤ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርሰዋል።

ፈንጠር ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ዘንበል አደረገ። ትንሽ ቀዘፈ፤ ዳግመኛ ተጣራ፤ መለሱለት፤ ዳግመኛ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ እንደገና ቀዘፈ። እሷ ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህ ሰው ለወግ አይደለም የሚጣራው። በድምፃቸው ነው የሚለካው። የድምፁን ቅርበትና ርቀት፣ ውሃው ላይ ሲንሸራተት የሚያመጣውን ቅጥነት፣ ሁሉን አጣጥሞ የጓሮውን ወሰን ይዘረጋል። ፀሐይ ባለበት ቀን ሌሎቹ «የሽማግሌ ወግ» እያሉ ሲስቁበት፣ እሱ ፀሐዩ መካከል በጉም ውስጥ ነበር የሚቀዝፈው። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ የምትለካው?» አለችው።

«ዝም በይ፣ ያንቺ ድምፅ ያሳስተኛል።»

ፊቱን ወደ ሌላው አቅጣጫ አዙሮ «ቤቶች!» አለ።

ዝም።

«ቤቶች!»

ውሃው የጀልባዋን ጎን ላፍ ላፍ ሲያደርግ ብቻ ተሰማ።

«በዚህ በኩል ባዶ ነው» አለ። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ተጠግቶ መልህቁን በሁለት እጁ ያዘ። አልወረወረውም፤ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ አወረደው። ለስላሳው ገመድ ሻካራውን ተከትሎ በመዳፉ ውስጥ አለፈ፤ ወለሉን ሲነካ በጣቶቹ አወቀ፤ ከዚያ በኋላም ገመድ ጨመረ፤ ጨመረ።

«ከነካ በኋላ ለምን ትጨምራለህ?»

«ገመድ ካጠረ ጀልባዋ ስትዘል መልህቁን ይነቅለዋል። ሲረዝም ወለሉ ላይ ይተኛል፤ መልህቁም ጥርሱን ይተክላል።» ጫፉን ከአፍንጫዋ ላይ አሰረ። «ደግሞ ከአፍንጫዋ ነው እንጂ ከኋላዋ አይታሰርም። ጀልባ እንደ ሰው ነው፤ ነፋስን በፊቱ ይችለዋል፤ በጀርባው ከመጣበት ይሰምጣል።»

መንጠቆዎቹን ዘረጉ። የመጀመሪያውን ዓሣ እሷ ያዘችና እንደ ልጅ ደስ አላት። ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ከዚያ ነፋሱ ተነሣ፤ ከማዶ በኩል፣ ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ። ጀልባዋ ገመዷን ተከትላ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጥላ አየች፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ቀለም፤ ቀጥሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው።

«ወንድሜ!» አለች።

ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጋጩ። የመንጠቆ ክሮቻቸው ተጠላለፉ። ቅርጫቱ ተገለበጠ፤ የያዘችው ዓሣ ከጀልባዋ ወለል ላይ ተፈናጠረ።

ሞተር ብድግ ብሎ «ዓይን የለህም እንዴ?» አለ።

እሷ የያዘችው ክር እጇ ላይ ቀረ። ባልዋን አየችው። ፈንጠር የተጠላለፉትን ክሮች በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ «ቤቶች ብዬ ነበር» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ?»

«ኩርፊያ ላይ ነኝ።» ሞተር ፊቱን አዞረ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡስ አልገባም» አለ ፈንጠር፤ «ጀልባ ነው የገባው።»

ከጉሙ ውስጥ መንትዮቹ ሲስቁ ተሰማ። ሳቁ ቁስሉን ነካበት። ሞተር መልህቁን በቁጣ ጎትቶ አወጣ፤ የሞተሩን ገመድ ያዘ።

«እንዳታስነሣው!» አለ ፈንጠር። «ገመዴ ከፊትህ ነው።»

ሞተሩ አጓራ። የሱ ጀልባ በእነሱ ጀልባ አፍንጫ በኩል ልትሻገር ተፈተለከች፤ ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ የፈንጠርን የመልህቅ ገመድ እንደ ቋጠሮ ጠቅልሎት ነበር።

አሁን ነፋሱ በርትቷል። የሞተር ጀልባ በኋላዋ ከፈንጠር መልህቅ ጋር ታስራ ቀረች፤ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ። ከባዱ ሞተር ኋላዋን ወደ ታች ስቦታል፤ በዚያ ላይ የፈንጠር ጀልባ በዚያው ገመድ ተንጠልጥላ ትጎትታታለች። አንድ ማዕበል በኋላዋ ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሞተር ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሞተሩን ገመድ ይጎትታል፤ ሞተሩ አይሰማውም።

ያን ጊዜ እሷ በሕይወቷ ተጣርታ የማታውቀውን ጥሪ ተጣራች። «ቤቶች!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ወጣ።

«አለን!» አሉ መንትዮቹ፤ በዚህኛው ሳቅ አልነበረም። መቅዘፊያቸው ውሃውን ሲመታ ተሰማ።

ፈንጠር ገመዱን በሁለት እጁ እየሳበ ጀልባዋን እስከ ሞተር ጀልባ ኋላ ድረስ አቀረባት። «መቅዘፊያውን ያዢ፤ እንዳንጋጭ ብቻ ግፊ» አላት። እሷም መቅዘፊያውን በደረቷ ደግፋ ገፋች። እሱ በሆዱ ተኝቶ ክንዶቹን እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ አስገባ።

«ቢላ አለኝ፤ እኔ ልቁረጠው» አለ ሞተር። «የቱ ነው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የቱ ነው ጋሼ?»

በእርግጥም የቱ እንደሆነ የሚታይ አልነበረም። አረፋ ነው፤ የመንጠቆ ክር ነው፤ የተጠማዘዘ ገመድ ነው። ወደ ጀልባቸው የሚሄደውን ቢቆርጡ ሁለቱ ባልና ሚስት በነፋሱ ይወሰዳሉ፤ የሞተር ጀልባም ኋላ እንደታሰረ ይቀራል። ሚስቱ ዓይኗን ከፈንጠር ፊት ላይ አላነሣችም። ወደ ውሃው አይመለከትም ነበር። ልክ እንደ ትናንቱ፣ ምንም ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሯል፤ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሠራሉ።

«ለስላሳው የኔ ጀልባ» አለ ለራሱ። «ይህም ለስላሳ… ይህ ቅጥሉ…። ይሄውና ሻካራው። ቢላውን ስጠኝ፤ በእጀታው በኩል።»

ሁለት ጊዜ ሳበ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ጮኾ ተበጠሰ። መልህቁ፣ ትናንት ከሰዓት ሙሉ ከደከመበት አዲስ ግማሽ ገመድ ጋር፣ ወለሉ ላይ ቀረ። የሞተር ጀልባ ኋላ ከውሃው ብድግ አለ።

«አሁን ያንተን መልህቅ ጣል፤ ከአፍንጫዋ። አትወርውር፤ አውርደው።»

ሞተር አወረደው። ገመዱን እንደተነገረው አረዘመ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞራ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። የፈንጠር ጀልባ ደግሞ፣ ክንፉ ላይ በቀረው ለስላሳ ገመድ ተንጠልጥላ፣ ከኋላዋ ተሰለፈች። በዚህ ሐይቅ ላይ ሁለት ጀልባ እንዲህ ተቀራርቦ ቆሞ አያውቅም።

«እንግዲህ» አለ ሞተር፤ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ፤ «ፈንጠር በል ልበልህ?»

«ብትል ደስ ይለኛል። ግን ገመድ የለኝም።»

ውሃውን መቅዳት ጀመሩ። ሞተር የራሱን ጣሳ ወደ ፈንጠር ዘረጋለት። ፈንጠር እጁን ሰደደና ጣሳውን አጣው፤ አየሩን ዳሰሰ፤ እንደገና ሰደደ። ሞተር ጣሳውን አስጠጋለትና መዳፉ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ እህቱን አያት። እሷ ቀና አላለችም።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት ወዲህ።»

ሞተር ውሃ መቅዳቱን አቆመ። «እኔ ደግሞ ዓይን የለህም እንዴ ብዬ…»

«ልክ ነህ፤ የለኝም። በጆሮዬ ነበር የምኖረው። ዛሬ ጆሮዬን ነው የነሳኸኝ።» የቀዳውን ውሃ ደፋ። «ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ነው። በኋላ የመጣ ነው የሚጠየቀው። ጓሮህ ገብቻለሁ።»

«ተው ጋሼ።»

«ሕግ ሕግ ነው።»

መንትዮቹ ደረሱና ከጀልባቸው ገመድ ወረወሩ። አንዱ «መጀመሪያ ማንን…» አለ፤ ሌላው «…እንጎትት?» ብሎ ጨረሰ። ነፋሱ ከማዶ ስለሚመጣ ወደዚያ መሻገር የማይታሰብ ነበር። ወደ ማቆሚያው የተመለሱት ተሳስረው ነው፤ ቀዛፊዎቹ ከፊት፣ የኮራው ሞተር ከኋላ። በማቆሚያው የቆሙት ሁሉ አዩ። ሞተር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁበት እሱ ራሱ ቀድሟቸው ሳቀ። ሰዎች ምን እንደሆነ ሲጠይቁትም «ቤቶች ብሎኝ አልመለስኩለትም» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ስለ ጋሼው ዓይን አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። እህቱ ይህን ሰምታ ወንድሜ አድጓል አለች በልቧ፤ ጠጉሩ ከሸበተ ቆይቷል እንጂ።

ወደ ቤት ሲሄዱ መቅዘፊያዎቹን የተሸከመችው እሷ ናት። እሱ ኮቴዋን እየሰማ ይከተላል። በመንገድ ሁሉ ስለ መቅዘፊያዎቹ አንድም አልተነጋገሩም። ቤት ሲገቡ እሱ ደጃፉ ላይ ቆመና ጆሮውን አዘነበለ። ቆጡ ላይ ለመስቀል መሰላል መጎተት አለባት፤ መሰላሉ ሲጎተት ይሰማል።

እሷ በቤቱ መካከል ቆማ ቆየች። ዓይኗ እያየ በዚያ ጉም ውስጥ ወንድሟን አላየችውም ነበር። ጉሙን የጣሰው «አለን» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው፤ የጎዳቸውም የዚያ ድምፅ መጥፋት። ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ዝም የሚለው እንደማይኖር ታውቃለች። ለማንኛውም እሷም ከኋላ ትቀመጣለች፤ ዓሣ መያዝም ወድዳለች።

መቅዘፊያዎቹን ከበሩ ጀርባ፣ በተለመደው ቦታቸው አቆመቻቸው። እንጨቱ ግድግዳውን ሲነካ ቷ አለ። እሱ ሰማና ትንፋሹን ለቀቀ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በጣም ራቅ ብሎ፣ ሰው ተጣራ።

«ቤቶች!»

ፈንጠር ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

«መልስለት እንጂ» አለችው።

«ኩርፊያ ላይ ነኝ።»

«ቤቶች!» አለ ሞተር እንደገና፤ በዚህኛው ድምፁ ጥቂት ፈራ።

ፈንጠር ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «ልኩን አውቆ ነው የቆመው» አለ በደስታ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አለን!» አለ።

ሞተር አንድ ጥቅል አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጭኖ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው፤ የሳምንታት ወሬ ተጠራቅሞበት ነበርና ቤቱን ሞላው። ፈንጠር የተረፈውን ለስላሳ ገመድ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክሮቹን መፍታት ጀመረ። እሷ ሻይ ጣደች። የጣፈችውን ሸሚዝ ለወንድሟ እያሳየች የክርኑን ስፌት አስመረመረችው።

«እኔ የምለው» አለ ሞተር በወሬው መካከል ድንገት ቆም ብሎ፤ «በዚያ ሰዓት በዚያ ጉም እታለም ምን ልታደርጊ ወጣሽ?»

 ሻዩ ገነፈለ።

«መነጽሩን ልናመጣ ነበር» አለች።

«እና የታለ?»

ፈንጠር ሾል ያለችውን እንጨት በገመዱ ጥምዝ ውስጥ አስገብቶ ከፈት አደረገ። ከማዶ መነጽር ሠሪው ይህን ጊዜ መደርደሪያውን እየጠራረገ፣ ትንሿን ጥቁር ማኅደር አንሥቶ አቧራዋን እፍ ብሎ፣ መልሶ እቦታዋ ያኖራት ይሆናል።

«እሱንማ» አለ ፈንጠር፤ «ረሳነው።»